ፓነሉ ከመተከሉ በፊት፦ ፈቃዳችሁን ማን መሰረዝ እንደሚችል እወቁ

ገጠር ላይ ሶላር ለመትከል ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ፀሐይ ነው። በቀን ስንት ሰዓት ይበራል፣ ደመናው መቼ ይበዛል፣ ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል። ይሄ ሁሉ የሚለካ ነገር ስለሆነ ልብን ያሳርፋል። ሲከስሩ ባየኋቸው ፕሮጀክቶች ግን አንድም ቀን ፀሐይዋ አልጠፋችም። የጠፋው ፈቃዱ፣ ታሪፉ ወይም መሬቱ ነው።

ነገሩ ከሂሳቡ ይጀምራል። ሶላር ነዳጅ አይገዛም። ስለዚህ ወጪው ከሞላ ጎደል ሁሉም መጀመሪያ ላይ ይወጣል፤ ገንዘቡ የሚመለሰው ግን በ10፣ በ15 ዓመት ነው። ብዙ የፓነል አምራቾች ለ25 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። በየ5 ዓመቱ ምርጫ ካለ በዚያ ጊዜ ውስጥ 5 ምርጫ ታያላችሁ ማለት ነው (ሚኒስትሩማ ስንቴ እንደሚቀያየር አትጠይቁኝ)። በናፍጣ ጄኔሬተር የሚሠራ ሰው ሁኔታው ካላማረው ጄኔሬተሩን ጭኖ ይሄዳል። እናንተ ብረቱን በኮንክሪት ቀብራችኋል። እስክትተክሉ ድረስ ሁሉም ይለምናችኋል፤ ከተከላችሁ በኋላ ለማኞቹ እናንተ ናችሁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

እኔ የምመክረው አንድ ጥያቄ ይዛችሁ እንድትዞሩ ነው። እጃችሁ ለሚገባ ለእያንዳንዱ ወረቀትና ለእያንዳንዱ የቃል ተስፋ፣ «ይህን ማን መሰረዝ ይችላል? በምን ወረቀት? በስንት ቀን?» በሉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ጥያቄ ዝርዝር ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ከዚያ በፊት ግን የምትሠሩት የትኛውን እንደሆነ ለዩ። የእርሻ መሬት ተከራይቶ ትልቅ ጣቢያ ተክሎ ለብሔራዊው የኃይል መረብ (ግሪድ) የሚሸጥ ሰው ጭንቀቱ የግዢ ውሉና መሬቱ ነው። መንደር ውስጥ ሚኒ ግሪድ (ለአንድ መንደር ብቻ የሚሠራ አነስተኛ የመብራት መረብ) ዘርግቶ ለነዋሪው የሚሸጠውን የሚያስጨንቀው ታሪፉና የዋናው መስመር መምጣት ነው። የቤት ለቤት ሶላር በዱቤ የሚሸጠውን ደግሞ እንቅልፍ የሚነሱት ጉምሩክና ታክስ ናቸው። ሦስቱን በአንድ ቅጽ መገምገም ብዙ ገጽ ይሞላል እንጂ ምንም አይነግራችሁም።

ወረቀቱን በደረጃ አስቀምጡ

ሕግ ሁሉ እኩል አይደለም። አዋጅ ለመቀየር ፓርላማ ያስፈልጋል። ደንብ በካቢኔ ይቀየራል። መመሪያ በአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ፊርማ ይቀየራል። ደብዳቤ ደግሞ ፈራሚው ከወንበሩ በተነሳ ማግስት ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ስያሜው ከአገር አገር ቢለያይም መሰላሉ የትም አለ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት እንዲህ ነው፦ ባለሀብት ይምጣ የሚለው ጥሩ ጥሩ ቃል አዋጁ ላይ ተጽፏል፣ ገቢያችሁን የሚወስነው ታሪፍና የቀረጥ ነፃ መብት ደግሞ መመሪያና ደብዳቤ ላይ ነው። ማለትም ኑሯችሁ የተንጠለጠለው በቀላሉ በሚቀየረው ወረቀት ላይ ነው።

አንድ ሠንጠረዥ አውጡና አምስት ዓምድ ሥሩለት፦ የፈቃዱ ስም፣ የሰጠው አካል፣ መሰረዝ የሚችለው አካል፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ፣ አቤቱታ የሚሰማው። የኃይል ማመንጫ ፈቃድ፣ የመሸጫ ፈቃድ፣ የታሪፍ ማጽደቂያ፣ የመሬት ውል፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ይሁንታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የጉምሩክ መብት፣ ከግሪድ ጋር የመገናኛ ስምምነት፣ ሁሉም ይግቡ። ሰጪውና ሰራዡ አንድ ሰው የሆነበትን፣ አቤቱታ ሰሚውም ያው ሰውዬ የሆነበትን መስመር በቀይ አስምሩ። ባዶ የቀረ ሳጥን ካለ ጠበቃ መቅጠሪያችሁ እሱ ነው። «አጠቃላይ የሕግ አስተያየት ስጠን» ብላችሁ አትቅጠሩ፤ ያን ባዶ ሳጥን እንዲሞላ ቅጠሩት፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

ሕጉን ስታነቡ ከመጨረሻው ጀምሩ። የመሸጋገሪያ ድንጋጌ የሚባለው እዚያ ነው ያለው። ይህ ሕግ ሲወጣ ነባሮቹ ምን ሆኑ? የቀድሞው ደንብ ሲሻር በቀድሞው ፈቃድ የሚሠሩት ተጠበቁ ወይስ ተጣሉ? አንድ አገር ነባር ባለፈቃድን እንዴት እንደሚይዝ ከዚያ በላይ የሚነግራችሁ የለም።

ስፔን ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ናት። በ2007 ባወጣችው ድንጋጌ ለሶላር ኤሌክትሪክ ለ25 ዓመት የሚዘልቅ ወፍራም ዋጋ ሰጠች። በዓመቱ አገሩ በፓነል ተጥለቀለቀ። የገንዘብ ቀውሱ ሲመጣ በ2010 ያ ዋጋ የሚከፈልባቸውን ሰዓታት ገደበች፤ በ2013 ሥርዓቱን ከነጭራሹ አፈረሰችው፣ የተተከሉትንም ጨምሮ። ቼክ ሪፐብሊክ ደግሞ በ2009 እና በ2010 ሥራ በጀመሩ ጣቢያዎች ገቢ ላይ ከ2011 ጀምሮ 26 በመቶ ልዩ ክፍያ ጣለች። ሁለቱም የአውሮፓ ኅብረት አባላት ናቸው። ስለዚህ «እዚያ አገር ሕግ ይከበራል» ብሎ መዝናናት አያስኬድም። መጠየቅ ያለበት፣ ይህን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ከመንግሥት በጀት ነው ወይስ ከተጠቃሚው ቢል? ከፋዩ መሸከም ካቃተው ቃሉ ይሰበራል። እና ዋጋው ከልክ በላይ ያማረ ዕለት ደስታችሁን ቀነስ አድርጉ። «በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» አይደል የሚባለው።

ታሪፍ የፖለቲካ ዋጋ ነው

የሚኒ ግሪድ ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው መረብ ይወደዳል። ዋናው መረብ ድጎማ አለው፣ ወጪውን የሚካፈል የከተማና የፋብሪካ ደንበኛም አለው። እናንተ 300 አባወራ ይዛችሁ ባትሪ ገዝታችኋል። ነዋሪው ከኩራዝና ከጄኔሬተር ጋር ሲያወዳድራችሁ ደስተኛ ነው። ከተማ ካለው ዘመዱ ቢል ጋር ማወዳደር የጀመረ ቀን ግን ነገሩ ይቀየራል። ከዚያ አንድ ፖለቲከኛ ይሰማል።

ታንዛኒያ ከ2008 ጀምሮ ለአነስተኛ ኃይል አምራቾች ባወጣችው ማዕቀፍ በአፍሪካ ምሳሌ ተደርጋ ስትጠቀስ ኖራለች። አልሚው (ፕሮጀክቱን የሚሠራው ሰው) ወጪውን የሚሸፍን ታሪፍ ማስከፈል ይችል ነበር። በ2020 ግን የሚኒ ግሪድ ታሪፍ ወደ 100 ሺሊንግ በኪሎዋት ሰዓት እንዲወርድ ከመንግሥት መመሪያ መጣ፤ ይህ ብሔራዊው ድርጅት ትንሽ ለሚጠቀሙ ደንበኞች የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። አዋጁ እዚያው ነበር፣ ማዕቀፉም እዚያው ነበር። የአልሚው ሂሳብ ግን ተበላሸ።

ናይጄሪያ በ2016 ባወጣችው የሚኒ ግሪድ ደንብ ሌላ መንገድ ሞከረች። ታሪፉ የመብራት ዘርፉን በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የስሌት ዘዴ ይወጣል፣ ወይም ደግሞ አልሚው ከመንደሩ ደንበኞች 60 በመቶው ከሚሆኑት ጋር ተስማምቶ ይፈራረማል። ሁለተኛው መንገድ ወረቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታሪፉን ራሱ ነዋሪው የፈረመበት ከሆነ «በዘበዙን» ለሚል ፖለቲከኛ መልስ አላችሁ። ደንቡ ባያስገድዳችሁም አድርጉት። ስብሰባ ጥሩ፣ ወጪውን በግልጽ አስረዱ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሰው ይፈርም፣ ቅጂው መንደሩ ውስጥም ይቀመጥ።

ታሪፉን ያጸደቀላችሁ አካል መቼ ድጋሚ እንደሚያየው፣ የምንዛሬ ተመን ሲንሸራተት ወይም ግሽበት ሲመጣ ታሪፉ በራሱ ይስተካከል እንደሆነ ወይስ እንደገና መለመን እንዳለባችሁ አጣሩ። ብድሩ በዶላር፣ ገቢው በአገር ውስጥ ገንዘብ ከሆነ ይህ አንቀጽ ከፓነሉ ጥራት ይበልጣል።

መስመሩ ሲመጣ

በ2014 ሕንድ ቢሃር ግዛት ውስጥ ዳርናይ የምትባል መንደር 100 ኪሎዋት የሶላር ማይክሮግሪድ ተመረቀላት። ባለሥልጣን ሊጎበኝ ሲመጣ የተሰለፉ ነዋሪዎች የጠየቁት «እውነተኛውን መብራት» ነበር፤ ሶላሩ ለነሱ የውሸት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ርካሹ መስመር ገባ። ከዚያ በኋላ የሶላሩ ዕጣ መዳከም ሆነ። ስሪላንካ ውስጥም ከ100 በላይ የመንደር የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ግሪዱ ሲደርስ ተዘግተዋል። ካምቦዲያ ግን ተቃራኒውን አደረገች። በግላቸው መስመር ዘርግተው በጄኔሬተር መብራት ይሸጡ የነበሩ ከ200 በላይ ነጋዴዎች ግሪዱ ሲመጣ አከፋፋይ ሆነው ቀጠሉ፤ ፈቃድ አወጡ፣ መስመራቸውን በደረጃው አሳደሱ፣ ከዋናው ገዝተው ይሸጣሉ።

ስለዚህ ደንቡ ውስጥ የምትፈልጉት መልስ ይህ ነው፦ ግሪዱ ሲመጣ ምን አማራጭ አለኝ? የናይጄሪያው የ2016 ደንብ አልሚው ከመስመሩ ጋር ተገናኝቶ እንዲቀጥል ወይም ካሳ ወስዶ እንዲወጣ ይፈቅድ ነበር። ካሳው እርጅናው የተቀነሰለት የንብረቱ ዋጋና ያለፉት 12 ወራት ገቢ ነበር። እንዲህ የተጻፈ ነገር ከሌለ መስመር የመምጣቱን አደጋ የምትሸከሙት ብቻችሁን ናችሁ። ተጽፎ ካለም «ካሳውን የሚከፍለው ማን ነው? ገንዘብ አለው?» በሉ። ሠራተኛውን መክፈል ያቃተው የመብራት ድርጅት ካሳ ይከፍለኛል ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

መስመሩ መቼ እንደሚመጣ ለማወቅ የአምስት ዓመት ዕቅዱን ካርታ ብቻ አትመኑ። ካርታ ላይ ቀለም መቀባት ርካሽ ነው። የዘንድሮውን በጀት እዩ፤ መንደራችሁ በስም አለች? ወደ ቦታው ሂዱና የመጨረሻው ምሰሶ የት እንደቆመ ራሳችሁ ቁጠሩ። ሥራ ተቋራጩን ጠይቁ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር እጁ ላይ መኖሩን ከሚኒስትሩ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ቀጥሎ መስመሩ የደረሰባቸውን አጎራባች መንደሮች ሄዳችሁ በቀን ስንት ሰዓት መብራት እንዳላቸው ጠይቁ። 4 ሰዓት ብቻ ከሆነ ደንበኞቻችሁ መስመሩ ከመጣም በኋላ ሙሉ በሙሉ አይሸሹም። እና የምርጫ ቀን መቁጠሪያውን ጎን ለጎን ያዙ። ከምርጫ በፊት ባሉት ወራት ምሰሶ የሚተከለው በዕቅድ ሳይሆን በድምፅ ነው።

መሬቱና ሰዉ

ቀላል ነው ተብሎ የሚታለፈው፣ ነገር ግን ብዙ ፕሮጀክት የሚቀበርበት እዚህ ነው። የንፋስ ቢሆኑም ሁለት የኬንያ ምሳሌዎች ልጥቀስ። 60.8 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ታቅዶ የነበረው የኪናንጎፕ ፕሮጀክት ፈቃድም ገንዘብም ነበረው፤ ነዋሪዎች በመሬት ጉዳይ ተነሡ፣ ተቃውሞው ቀጠለ፣ በ2016 ተሰረዘ። 310 ሜጋዋት ያለው የቱርካና ሐይቅ የንፋስ ጣቢያ ደግሞ ተርባይኖቹ በ2017 ቆመው ማስተላለፊያ መስመሩ ገና ስላልደረሰ እስከ 2018 ሥራ ፈትተው ጠበቁ። ይህም አልበቃ፤ በ2021 ፍርድ ቤት የመሬቱ የባለቤትነት ካርታ በተገቢው መንገድ አልተገኘም ብሎ ወሰነ። ጣቢያው ሥራ ከጀመረ ከዓመታት በኋላ!

ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት፣ የመሬት ካርታ መያዝ መሬት መያዝ አይደለም የሚል ነው። በወረቀት ባለቤቱ አንድ ሰው ወይም መንግሥት ሊሆን ይችላል፤ በተግባር ግን በበጋ ከብት የሚያስግጥበት አለ፣ እንጨት የምትለቅምበት አለች፣ ከባለመሬቱ ተከራይቶ የሚያርስ አለ፣ አቋራጭ መንገድ የሚያደርገው አለ። እነዚህ ሰዎች የመሬት መዝገብ ላይ የሉም። ፓነሉ በአጥር ሲከለል የሚጎዱት ግን እነሱ ናቸው። ቦታውን ቢያንስ በሁለት ወቅት እዩት፣ በበጋም በክረምትም። በክረምት ባዶ የነበረው ሜዳ በበጋ በከብት ተሞልቶ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ስታናግሩ ደግሞ አስተዳዳሪው የመረጣቸውን ሰዎች ብቻ አታናግሩ። እነሱ የሚናገሩት እሱ የሚፈልገውን ነው። ሴቶችን ለብቻ፣ ወጣቶችን ለብቻ፣ ከብት አርቢውን ለብቻ፣ ጄኔሬተር የሚያከራየውንና ነዳጅ የሚቸረችረውንም ለብቻ አግኙ። ይህ የመጨረሻው ሰውዬ እናንተ ስትመጡ ገበያው ይዘጋል። በመንደሩ ውስጥ ተሰሚነት ካለው አመፁን የሚያደራጀው እሱ ነው። ቀድማችሁ ወኪል ወይም ጥገና ሠራተኛ አድርጋችሁ ብትይዙት ይሻላል።

ሀብታም አገር ይህ ችግር የለም ብላችሁ እንዳታስቡ። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ በ2021 የወጣ ሕግ የካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ የአካባቢ አስተዳደር) ኮሚሽነሮች 50 ሜጋዋትና ከዚያ በላይ የሆነ ሶላር በክልላቸው ገጠራማ ቦታ እንዳይተከል መከልከል እንዲችሉ ሥልጣን ሰጣቸው። ኢሊኖይ የተባለችው ግዛት በ2023 መጀመሪያ ተቃራኒውን አደረገች፤ ካውንቲዎቹ የሚያስቀምጡት ገደብ ከግዛቲቱ መለኪያ እንዳያልፍ አሰረቻቸው። ጣልያን በ2024 እርሻ መሬት ላይ በመሬት የሚተከል ሶላርን አጥብቃ ገደበች። የእርሻ መሬት ጉዳይ የትም ስስ ነው። ከላይ ያለው መንግሥት ቢፈቅድላችሁም ከታች ያኮረፈ ጎረቤት መንገድ መዝጋት፣ ክስ መክፈት፣ ፈቃድ ማዘግየት አያቅተውም።

ሰዎቹን አጥኑ፣ ግን አትጠጓቸው

አንድ ጊዜ አንድ የቢሮ ኃላፊ ጉዳያችንን ሰምቶ «ችግር የለውም» አለን። በጽሑፍ ይሰጠን ስንለው ፈገግ አለና «ምን አጣደፋችሁ» አለ። አራት ወር ጠበቅን። ከዚያ ሰውዬው ተነሳ፣ አዲሱ ኃላፊ ደግሞ ፋይላችንን ከዜሮ ጀመረው። ከዚያ ወዲህ «ችግር የለውም» የሚለውን ቃል ከሥጋት ምልክቶች ተራ ነው የማስገባው። ለመጻፍ የሚፈራ ባለሥልጣን ወይ ሥልጣኑ የለውም፣ ወይ ሌላ ነገር እየጠበቀ ነው። እጅ መንሻ ከሆነ የሚጠብቀው አትስጡ፤ ከሕጉ ባሻገር፣ ያን ቀን የሰጣችሁት ገንዘብ ነገ ለሚመጣው ኃላፊ ፈቃዳችሁን መሰረዣ ምክንያት ይሆናል።

ፕሮጀክቱን ከአንድ ፖለቲከኛ ስም ጋርም አታጣብቁት። በምረቃው ዕለት ሪባን የሚቆርጥ ታላቅ ሰው ደስ ይላል፤ ሲወርድ ግን አብራችሁ ትወርዳላችሁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ይልቅ ማን ከማን ጋር እንደሚጣላ እወቁ፦ ኢነርጂ ሚኒስቴሩና ተቆጣጣሪው ይስማማሉ? ማዕከላዊው መንግሥትና የአካባቢው አስተዳደር የአንድ ፓርቲ ናቸው? ብሔራዊው የመብራት ድርጅት እናንተን እንደ ረዳት ነው የሚያያችሁ እንደ ተፎካካሪ? እነዚህን የሚመልሱላችሁ ከናንተ በፊት እዚያው የሠሩ ሰዎች ናቸው፣ በተለይ የከሸፈባቸው። ፈቃድ አመልክተው በሕጉ የተጻፈው 30 ቀን ለእነሱ ስንት ወር እንደሆነባቸው ጠይቁ። ያ ቁጥር ነው እውነተኛው ሕግ።

ጉምሩክን በአጭሩ ልለፈው። ኬንያ በ2020 ከቫት ነፃ የነበሩ የሶላር ዕቃዎች ላይ ቫት ጣለች፤ በ2021 መልሳ አነሳች። በመካከል ዕቃው ወደብ ላይ የነበረ ነጋዴ ምን ሆነ? የበጀት ወቅት ሲቃረብ ትልቅ ጭነት አትዘዙ፣ ካዘዛችሁም ታክስ ቢጨመር ማን እንደሚሸከመው ውሉ ላይ ይጻፍ። ባትሪና ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው ዕቃ) ከፓነሉ ጋር ነፃ መሆናቸውንም በጉምሩክ የታሪፍ ቁጥራቸው አጣሩ፤ ብዙ ጊዜ ነፃ የሚሆነው ፓነሉ ብቻ ነው።

ወደ ቁጥር ቀይሩት

ሥጋትን በቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ መቀባት ለስብሰባ ያምራል። ለውሳኔ ግን ወርና ገንዘብ ያስፈልጋል። ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። ፕሮጀክቱ 100 ይፈጃል፣ በዓመት 20 ያስገባል፣ ማንቀሳቀሻው 6 ነው። የሚተርፈው 14፣ ስለዚህ ወለድን ሳንቆጥር ገንዘቡ በ7 ዓመት ገደማ ይመለሳል። አሁን ታሪፉ በ30 በመቶ ይቀነስ። ገቢው 14 ሆነ፣ ወጪው ግን ያው 6 ነው። የሚተርፈው 8፤ ማለትም 30 በመቶ የታሪፍ ቅናሽ ትርፉን በ43 በመቶ ቆረጠው፣ መመለሻውንም ወደ 12 ዓመት ተኩል ወሰደው። ግሪዱ በ8ኛው ዓመት ቢመጣስ? በመጀመሪያው ሂሳብ ገንዘባችሁን መልሳችኋል፣ በሁለተኛው 64 ብቻ ሰብስባችኋል።

ይህን ሂሳብ ለሦስት ነገር ሥሩት፦ ፈቃዱ 9 ወር ቢዘገይ፣ ታሪፉ በሲሶ ቢወርድ፣ መስመሩ በ5ኛው ዓመት ቢደርስ። ለየብቻ ከሠራችሁ በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጉ፤ ምርጫ ሲደርስ የታሪፍ ቅናሽና አዲስ ምሰሶ ተያይዘው ነው የሚመጡት።

ከዚያ መከላከያውን ታስባላችሁ። ለትልቅ ፕሮጀክት የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው ሚጋ ከ1988 ጀምሮ የፖለቲካ ሥጋት ዋስትና ይሸጣል፤ የውጭ ምንዛሬ መከልከልን፣ ንብረት በመንግሥት መወረስን፣ ጦርነትና ሁከትን፣ የመንግሥትን ውል ማፍረስ ይሸፍናል። ውል ከሌላችሁ ግን የታሪፍ ቅናሽ ብቻውን እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ፖሊሲውን ስታነቡ ይህን ልብ በሉ። የግልግል ዳኝነትም አለ። በስፔን ላይ ባለሀብቶች ወደ 50 የሚጠጉ ክሶች ከፍተው በብዙዎቹ ተፈርዶላቸዋል፣ ገንዘቡን መቀበል ግን ሌላ የዓመታት ትግል ሆነ።

ለትንሹ አልሚ መከላከያው ብረቱ ላይ ነው። የሚነቀልና የሚጫን አድርጋችሁ ሥሩ፤ ባትሪውና ኢንቨርተሩ ኮንቴይነር ውስጥ ይሁን፣ ፓነሉም በክፍል በክፍል ይተከል። ምሰሶና ሽቦውን ግን ከመጀመሪያው በብሔራዊው ደረጃ ዘርጉ፤ ትንሽ ይወደዳል፣ ግሪዱ ሲመጣ ግን መስመራችሁ የሚሸጥ ንብረት እንጂ የሚፈርስ ቆሻሻ አይሆንም። አምስት መንደር ካላችሁ አምስቱንም በአንድ አስተዳደር ሥር አታድርጉ።

ፕሮጀክቱን የምትተውበትንም ገደብ ወደ ቦታው ከመሄዳችሁ በፊት ጽፋችሁ ፈርሙበት። ለምሳሌ፦ የመሬቱ ውል በሁሉም ተጠቃሚዎች ካልተፈረመ አንገባም፤ ታሪፉ በጽሑፍ ካልጸደቀ ዕቃ አናዝም፤ መስመሩ ከ5 ኪሎ ሜትር በታች ከቀረበና የካሳ ሕግ ከሌለ እንተዋለን። ከሄዳችሁ፣ ሰዉ ከተቀበላችሁና ወጪ ከጀመራችሁ በኋላ ቀይ መስመር ማስመር አይቻልም፤ ልብ ቀድሞ ገብቷል። ሠንጠረዡን ደግሞ ከእያንዳንዱ በጀትና ከእያንዳንዱ ሹም ሽር በኋላ አውጥታችሁ «መሰረዝ የሚችለው» የሚለው ዓምድ ላይ ያለው ስም አሁንም ያው መሆኑን አረጋግጡ።